ለአራሷ የመጣችው ላም

"ላሚቱስ? ስትታለብ አላስቸገረችም?"

ዋና ሳጅን ኢዮስያስ የፖሊስ ጣቢያውን የብረት በር ገፋ አድርጎ ሊገባ ሲል ነበር ቡና ነጋዴው አቶ በፍቃዱ ከኋላው የደረሱበት። እጁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እሁድ እሁድ በቸርች ደጃፍ እንደሚያደርጉት ትከሻውን በትከሻቸው ነካ አደረጉት።

"የትኛዋ ላም፣ ጋሼ?"

"ቀይዋ ናታ! ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ያለባት። የኋላ እግሯ ካልታሰረ ትራገጣለች። ልጆቹ ለአማትህ ሳይነግሯቸው ቀርተው የአራስ ወተት እንዳይደፋ ብዬ ነው።"

ኢዮስያስ ጠዋትም ቆሞ ወተቷን ጠጥቶ ነው የወጣው። ቀይዋን ላም ያውቃታል። ሳምንት ሊሞላት ነው እሱ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ስትበላ፤ ለጥጃዋማ ስም ወጥቶላታል። ያላወቀው የማን እንደሆነች ነው።

"ጋሼ በፍቃዱ፣ እኔ እኮ..."

"ምንም አትበለኝ። ምን አልኩህ? አራስ መጠየቅ ወግ ነው። ለሳሮን ጌታ ያበርታሽ በልልኝ።" ጀርባውን መታ መታ አድርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሊገቡ ሲሉ ዞር ብለው፣ "ያ መዝገብ ዛሬ ነው አይደል ወደ ዐቃቤ ሕግ የሚሄደው?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ በሩን ዘጉት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ኢዮስያስን ግን ሳይስቅ እንኳን እስከ አንገቱ አስገብቶታል።

ነገሩ የተበላሸው በደግ ወግ ነው። ሚስቱ ሳሮን የመጀመሪያ ልጃቸውን ሉሲን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነበርና ሰውነቷ ተጎድቶ ጡቷ ወተት አልሰጥ አለ። ቡሌ ያለው ታላቅ ወንድሙ ሽብሩ ይህን ሲሰማ "የምትታለብ ላም እልካለሁ" አለ። በነኢዮስያስ ዘመዶች ዘንድ አራስ ላለበት ቤት ላም ማዋስ የቆየ ልማድ ነው። ላም ስትመጣ "የማን ናት?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ለላኪውም ተደውሎ ምስጋና አይነገርም። ውለታን ማጣደፍ ይሆናል። ልጅ ተቀምጦ መጫወት ሲጀምር ላሟ ግንባሯን ቅቤ ተቀብታ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች፤ ምስጋናው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረምሶች ላምና ጥጃ እየነዱ መጥተው "ለአራሷ ነው" ሲሉ፣ የሳሮን እናት ገመዱን ተቀብለው፣ መርቀው ሸኟቸው። ኢዮስያስ ከሥራ ሲገባ ላሟን አይቶ "ሽብሩ እኮ ሰው ነው!" አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

አሁን ከጣቢያው ግድግዳ ሥር ቆሞ ወደ ቡሌ ደወለ። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

"ሽብሩ፣ ላሚቱን በማን ነበር የላክሃት?"

"የትኛዋን ላም?" አለ ሽብሩ፤ ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "አይ ወንድሜ! ገና አልላክኋትም እኮ። መንገዱ እንደምታውቀው ጭቃ ነው፣ ጥጃዋም ትንሽ አሟት ነበር፤ ጠፈፍ ሲል ብዬ ነው። ተቀየምክ እንዴ?"

"አልተቀየምኩም።"

"ድምፅህ ግን የተቀየመ ነው። ለቅዳሜ ገበያ በሚወርዱ ሰዎች..."

"ሽብሩ፣ ተወው። አልተቀየምኩም አልኩህ።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የኢዮስያስ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር፤ በሰማይ ያለችውን እየጠበቀ የሌላውን ወተት ሲጠጣ ሰንብቷል።

አቶ በፍቃዱ ለምን ላም እንደላኩ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። አይሱዟቸው ከሬኮ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ጭና ስትመጣ የዲላ መግቢያ ላይ ድንቅነሽ የምትባል ቡና ለቃሚ ገጨች፤ ሴትየዋ በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ሹፌሩ ከፈለኝ "እየነዳሁ የነበርኩት እኔ ነኝ" ብሎ እጁን ሰጠ። መንገድ ዳር አቮካዶ የምትሸጠው ሀዲጃ ግን ሌላ ነገር አይታለች። በመሪው በኩል የወረደው ከፈለኝ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው የአቶ በፍቃዱ ትንሹ ልጅ ነው። ከፈለኝ በሌላኛው በር ወርዶ፣ ልጁን በሞተር አሳፍሮ ካሰናበተ በኋላ ነው ዞሮ በሹፌሩ በር በኩል የቆመው። ኢዮስያስም መኪናዋን ሲመረምር የሹፌሩ ወንበር ወደፊት ተስቦ አገኘው። ከፈለኝ ረጅም ሰው ነው። "እስቲ ግባና ተቀመጥ" ቢለው ጉልበቱ ከመሪው ሥር አልገባ አለ። የሀዲጃ ቃልና የወንበሩ ነገር ከመዝገቡ ካልወጡ በቀር ልጁ የሚያመልጥበት መንገድ የለም። መዝገቡን የያዘው ደግሞ ኢዮስያስ ነው።

ባለፈው ዓመት ስለ ጉቦ ወንጀል ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። አሠልጣኟ "በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው እጅ የተቀበለ" እያለች ስታነብ ከኋላ የተቀመጡት "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ወንጀለኛን ከፍርድ ለማስጣል የተቀበለ እንደሆነ ቅጣቱ እንደሚከብድ፣ ጽኑ እስራት እንደሆነ ስትናገር ግን ማንም አልሳቀም። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ መርማሪ የምስክር ቃል ከመዝገብ አውጥቶ ተፈርዶበት ነበርና። ኢዮስያስ ማረሚያ ቤት ሄዶ ሲጠይቀው ሰውየው እያጎነበሰ፣ "ጉቦ ሲመጣ ጉቦ አይመስልም። እኔ ቤት የመጣው የልጄ ልደት ኬክ ሆኖ ነው። ሌላው ከኬኩ በኋላ ነው የተከተለው" ብሎት ነበር። ያኔ ኢዮስያስ በልቡ "ኬክና ጉቦ መለየት አቅቶት ነው እንዴ!" ብሎ ታዝቦታል። ዛሬ ትዝብቱ ወደ ራሱ ተመለሰ።

ወደ ተጠርጣሪዎች ማረፊያ ክፍል ሄዶ ከፈለኝን አስጠራው። ሹፌሩ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ሁሉም በር ያጥረዋል።

"ከፈለኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ማን ነው የነዳው?"

"አንዴ ተናገርኩ እኮ፣ ሳጅን።"

"የሰው ነፍስ ጠፍቷል። ዓመታት ነው የምትታሰረው። ልጆችህስ?"

"ልጆቼን ጋሼ በፍቃዱ ያስተምሩልኛል። ቤቴንም ቆርቆሮ ያለብሱልኛል።" ከፈለኝ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ሐዘን አልነበረም፤ የደከመው ሰው መልክ ነበር። "ሳጅን፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ። ሰው የገዛ ስሙን ለፈለገው ቢያውስ ምን አለበት?"

ኢዮስያስ ዛሬ ስለማዋስ የሚናገርበት አፍ የለውም።

መዝገቡን ከጠረጴዛው አንስቶ ከጣቢያው ሲወጣ የድንቅነሽ ባል እንደሁልጊዜው ከግንቡ ሥር ተቀምጧል። አስከሬኗ ከተቀበረ ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣል። አይጮህም፣ አያለቅስም፣ ካሳም አይጠይቅም። ኢዮስያስን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ።

"ሳጅን፣ ሽማግሎቹ ለዕርቅ ሶንጎ እንቀመጥ እያሉኝ ነው። ከፈለኝ መጥቶ ምህረት እንዲጠይቅ ተስማምቷል አሉ።"

"እና ምን አልካቸው?"

"ምን እላለሁ? የነዳው ከፈለኝ እንዳልሆነ ይወራል፤ ሶንጎ ላይ ውሸት አይነገርም። የገደለው ራሱ ቀርቦ 'እኔ ነኝ' ካላለ ደሙ አይደርቅም። ያልገደለ ሰው 'እኔ ነኝ' ቢለኝ፣ እኔም 'ምሬሃለሁ' ብለው፣ ሁለታችንም ዋሸን። ድንቅነሽስ?" ኮፍያውን በእጁ አሻሸ። "እስር ይሁን፣ አይሁን፣ እሱ የናንተ ነው። እኔ ስሙን ብቻ ንገረኝ። ማን ነው?"

"ዛሬ መዝገቡ ይሄዳል" አለው ኢዮስያስ። ባጃጅ አስቁሞ እየሸሸ እንደሆነ እያወቀው ገባ።

የአቶ በፍቃዱ የቡና መጋዘን ደጅ ላይ ሴቶች ተደርድረው ቡና ይለቅማሉ። አቶ በፍቃዱ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ያሸታሉ። ኢዮስያስን ሲያዩ ለሱም ወንበር አስመጡለት፤ አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ላምዎን ያስወስዱልኝ። የወንድሜ መስላን ነው የተቀበልናት።"

"አወቅህ? ይሁን" አሉ በእርጋታ። "ላሟ ትመለሳለች። ወተቱን ግን እንዴት አድርገህ ትመልሰዋለህ?"

"ሳናውቅ ነው የጠጣነው።"

"እኔ አምንሃለሁ። ሌላው ያምንሃል ወይ ነው።" መዳፋቸው ላይ ያለውን ቡና ወደ ክምሩ መለሱት። "ስማኝ ልጄ፤ እኔ ላንተ ክፉ አላስብም። ከፈለኝ 'እኔ ነኝ' ብሏል፣ የሟችም ቤተሰብ ይካሳል፣ ሽማግሌም ገብቷል። የቀረው የዚያች አቮካዶ ሻጭ ወሬና የወንበሩ ነገር ነው። እሱን ተወው። ልጄ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንተም ዛሬ አባት ሆነሃል፤ ይገባሃል።"

"እምቢ ካልኩስ?"

አቶ በፍቃዱ ያዘኑ ይመስላሉ፤ ምናልባትም አዝነው ይሆናል። "ላሟን የነዱት ሁለት ልጆች አሉ። ለማን እንዳስረከቧት ያውቃሉ። አንተ ቤት አልነበርክም። ገመዱን የተቀበሉት አማትህ ናቸው። እኒያን ትልቅ ሴት ፖሊስ ጣቢያ አስቁመህ ስማቸውን ልታስጽፍ ነው?"

ኢዮስያስ ሳይሰናበት ወጣ። ሰውየው የት እንደሚነኩት አውቀዋል።

ይህን ለማያውቅ ሰው መንገር ያስፈልጋል። ኢዮስያስ የአማቱን ስም በአፉ ጠርቶ አያውቅም። ነውር ነው፤ አባቱም የአማቱን አልጠራም፣ አያቱም አልጠሩም። "የሳሮን እናት" ነው የሚላቸው፤ ሉሲ ከተወለደች ወዲህ "የሉሲ አያት" ብሎ አሻሽሎታል። እሳቸውም ቢሆኑ ፊት ለፊት አያዩትም። እሱ ሲገባ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ የሚሉት ካላቸውም በሳሮን በኩል ነው። ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ተቃርበው ተቀምጠው፣ "ቆጮ ይጨመርለት ወይ፣ በይው" ይላሉ። "በቅቶኛል፣ በያቸው" ይላል። ሳሮን መሀል ተቀምጣ በሳቅ ትሞታለች።

ቤት ሲደርስ ሳሮን አልጋው ላይ ሆና ልጇን ታጠባለች። ከጎኗ ወተት ያለበት ብርጭቆ ተቀምጧል። ከሰሞኑ ጉንጯ ሞልቷል፣ ሉሲም ማታ ማታ መጮኋን ትታለች። ኢዮስያስ ይህን ሁሉ እያየ ነው የተናገረው።

"ላሚቱ የሽብሩ አይደለችም።"

"እና የማን ናት?"

"የጋሼ በፍቃዱ።"

ሳሮን ትንሽ አሰበች። "የመኪናው?"

"የመኪናው።"

ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ከዚያ የደረቷን ልጅ አየችና ዓይኗ በእንባ ሞላ። "ጠጥቼዋለሁ እኮ! እሷም ጠብታዋለች! ኢዮስ፣ ልጄ ሆድ ውስጥ ነው ያለው!"

"አናውቅም ነበር፣ ሳሪ።"

"በቃ መልሳት። አሁኑኑ ወስደህ እሳቸው ደጅ እሰራትና ና።"

"ዝም ብዬ ከመለስኳት እኮ ሳምንት ሙሉ ጉቦ ይዤ ከረምኩና ፈራሁ ማለት ነው። እሳቸውም ምስክር አለኝ ብለዋል። መዝገቡን ይዤ በሄድኩበት ሁሉ በዚህች ላም ይጎትቱኛል። ጣቢያ ወስጄ ማስመዝገብ አለብኝ።"

"ማን ተቀበለ ተብሎ?"

ኢዮስያስ ወደ ጓዳው መጋረጃ አየ። ከመጋረጃው በስተጀርባ የእንሰት ቃጫ ሲፋቅ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆሟል።

"እናቴን?" አለች ሳሮን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ኢዮስ፣ እናቴ በሕይወቷ ጣቢያ ደጅ አልረገጠችም። ቢይዟትስ? የሚሏትን ሳትሰማ 'አዎ፣ አዎ' ብትልስ? አንተ 'እኔ ነኝ የተቀበልኩት' በል።"

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"ማን ያጣራል! ከፈለኝ እንኳን ሳይነዳ 'እኔ ነኝ' ሲል..." አለችና የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። ሉሲ ጡቱን ለቃ አፏን እያንቀሳቀሰች ትፈልጋለች። ሳሮን አስተካክላ አጎረሰቻትና፣ "አውቃለሁ" አለች፣ "ግን እናቴ ናት።"

ኢዮስያስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ እሱን አውቆታል። ሊታሰር ይችላል፤ እሱንም ቢሆን ሊውጠው ይሞክራል። ነገር ግን እኒህ ሴት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ከማያውቁት ፖሊስ ፊት ሲቆሙ አሰበና አንጀቱ እምቢ አለው። "እሺ" አላት። "እኔ ተቀበልኩ እላለሁ።"

ዩኒፎርሙን አስተካክሎ፣ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ላሟን ከእንሰቱ ሥር ፈትቶ ቢጎትታት አልንቀሳቀስ አለች። ገፋት፣ ለመናት፣ ሰደባት። ላሟ ግን ወደ ጥጃዋ ዞራ ቆመች። ያኔ አማቱ ነጠላቸውን መስቀልያ አስረው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ከጓዳ ወጡ። የጥጃዋን ገመድ ፈቱና ወደ መስኮቱ ዞረው በጌዴኦኛ፣ "ላም ያለ ጥጃዋ አትሄድም፣ በይው" አሉ።

"እማ፣ አንቺ የት ልትሄጂ ነው?" አለች ሳሮን።

"ጥጃ ልነዳ።"

ሳሮን ልማዱ ይዟት ከመደርደሪያው የቅቤውን ዕቃ አንስታ በመስኮቱ አሳየቻቸው፤ ከአራስ ቤት የምትመለስ ላም ቅቤ ሳትቀባ አትወጣም። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቅቤ ለተዋሰ ነው" አሉና ጥጃዋን ይዘው ቀደሙ።

በኋላው ቀጭን መንገድ ቢሄዱ ማንም አያያቸውም ነበር። አማቱ ግን ወደ አስፋልቱ ነው የወጡት፤ ላሟም ጥጃዋን ተከተለች፣ ኢዮስያስም ላሟን። በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ ዩኒፎርም፣ በዲላ ዋና መንገድ ላም እየጎተተ ሄደ። የሱቁ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ወጣ። አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ "ሳጅን! ይቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው? ትርፍ ጭና?" ሲለው መንገደኛው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሮ ይስቅ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ አውጥቶ አየው፣ አቶ በፍቃዱ ናቸው። ላማቸው በከተማው መሀል ስታልፍ የነገራቸው ሰው አይጠፋም። መልሶ ኪሱ ከተተው። ቆም ብሎ ሲጮህ፣ እንደገና ቆሞ ሲጮህ፣ እስከ ጣቢያው በር አብሮት ሄደ።

አማቱ ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። ዞር አላሉም። ጫማቸው እያደናቀፋቸው እንኳን ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት። ኢዮስያስ ጀርባቸውን እያየ፣ "ደጁ ጋ ይመለሳሉ፤ ጥጃዋን አስረው ይመለሳሉ" እያለ ራሱን ያጽናናል።

የድንቅነሽ ባል ከግንቡ ሥር ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ። ላሟን አየ፣ ሳጅኑን አየ፣ ምንም አልጠየቀም።

ተረኛዋ ሳጅን ትጊ ነበረች። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ "ኢዮስያስ! ለገና ነው እንዴ? እንዳትረሳን!" ብላ ልትቀልድ ጀመረች። ፊቱን ስታይ ተወችው።

"ኤግዚቢት ናት። መዝግቢልኝ" አላት። ላሟን ከግቢው ዛፍ አስሮ ገባና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ይህ የድንቅነሽ መዝገብ ነው። የሀዲጃም ቃል፣ የወንበሩም ምርመራ ውስጡ አለ። ለኃላፊው አስረክቢልኝ፤ ከአሁን በኋላ እኔ ልይዘው አይገባኝም።"

"ምን ተፈጠረ?"

"ጻፊ፣ እነግርሻለሁ።"

ትጊ ትልቁን መዝገብ ሳበች። ለሥራ ስትቀመጥ ቀልድ አታውቅም። "የዕቃው ዓይነት፣ አንድ ቀይ ላም ከነጥጃዋ። ሰጪ?"

"አቶ በፍቃዱ።"

እጇ ቆም አለ፤ የአገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። ጻፈችው። "ለምን ጉዳይ?"

"ልጃቸው እንዳይከሰስ። የምስክር ቃል ከመዝገብ እንዲወጣ።"

"ተቀባይ?"

ኢዮስያስ መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው የመጣ ቃል ነው፤ አጭር፣ ቀላል። "ተቀባይ... እኔ..."

"እሱ አይደለም።"

ዞር አለ። አማቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ጥጃዋን የሆነ ቦታ አስረው፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገብተዋል። የተናገሩት በአማርኛ ነው፤ እሱ ባለበት፣ ያለ ሳሮን።

"እሱ ሥራ ነበር። ገመዱን የተቀበለ እኔ ነው። መርቄ የሸኘ እኔ ነው። አለማወቄን እናገራለሁ፤ አልተቀበልኩም ግን አልልም።"

ትጊ ከወንበሯ ብድግ አለች። "እማማ፣ ይቀመጡ። ስምዎት ማን ልበል?"

እሳቸው አልተቀመጡም፤ ለትጊም አልመለሱላት። ነጠላውን ከፊታቸው ላይ ወደ ትከሻቸው መለሱትና በትዳሩ ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢዮስያስን ፊት ለፊት አዩት። ዓይናቸው የሳሮን ዓይን ነው። እንዲህ እንደሚመሳሰሉ አያውቅም ነበር።

"እሱ ይናገር" አሉ። "እኔ ከተናገርኩ 'አሮጊቷን አስጠንቷት ነው' ይላሉ። አማቱን በስም የጠራ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ማንን ይደብቃል?"

"የሉሲ አያት፣ እባክዎ" አለ ኢዮስያስ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነበት። "ሊያስሩዎት ይችላሉ እኮ። ለሳሮን ቃል ገብቻለሁ።"

"የሳሮንን ለእኔ ተወው። ጥራ፣ ልጄ።"

ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደገና ጮኸ። በመስኮቱ ውጭ የድንቅነሽ ባል ኮፍያውን ይዞ እንደቆመ ነው፤ ይሰማል፣ አይሰማም፣ አይታወቅም። ኢዮስያስ ስልኩን አውጥቶ ዘጋውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ስም በሠርጉ ቀን ሌሎች ሲጠሩት ሰምቷል፣ በቀበሌ መታወቂያ ላይ አይቶታል፣ በልቡም እንኳን ደፍሮ ብሎት አያውቅም።

"ጸሐይ" አለ። ፊቱ በሐፍረት ጋለ። "ወይዘሮ ጸሐይ።"

ትጊ በደንብ አልሰማችውም። እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና ስትል፣ ቀስ አድርጎ ደገመላት። እስክትጽፈው ጠብቆ፣ ከሥሩ፣ ወተቱን የጠጣ ብሎ፣ የራሱን ስም አስጻፈ።